ሞክሼው ዴልታ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አያትሽን ጉልበቷን እያመማት ነው፤ ሐኪም ቤት እንውሰድሽ ስንላት «ጠበሉ ይሻለኛል» ትላለች፤ ታውቂያት የለ። እናትሽ በሶና ቆሎ አዘጋጅታልሻለች፤ እሑድ በሚነሳው አውቶቡስ ይመጣልሻል። ረዳቱ ሲደርስ ይደውልልሻልና ስልክሽን እንዳትዘጊ።

ባለፈው በስልክ ያነሣሽብኝን ነገር እዚያው ልመልስልሽ ብዬ ነበር፤ ደንበኛ ገባብኝና ተቋረጠ። «አባዬ፣ በአንድ ሳምንት አራት መምህር ገብቶ አራቱም ዴልታ አሉን። የፊዚክሱ ለውጥ ነው አለ፣ የጂኦግራፊዋ ወንዝ ነው አለች፣ የሳይኮሎጂው እንቅልፍ ነው አለ፣ የኬሚስትሪው ደግሞ ሙቀት ነው አለ። ፊደል አልቆባቸው ነው?» አልሽኝ። እኔም ስቄ «የእኔንማ ረሳሽው» አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራ ላይ ሆኜም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ወንድምሽን በስልኩ እያስፈለግሁ፣ የማውቀውንም እያስታወስኩ ይኸው ጻፍኩልሽ። ከረዘመብሽ ለሁለት ቀን ከፍለሽ አንብቢው።

እኔ እንደምታውቂው የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ዴልታን ግን ሠላሳ ዓመት በእጄ ይዤው ኖሬያለሁ። ትንሽ ሆነሽ ሱቅ ስትመጪ የሞተር ብሎን በጣሳ ትሰበስቢልኝ ነበር። የዚያ ሞተር ክዳን ሲከፈት ስድስት የነሐስ ብሎኖች በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ሦስት ከላይ፣ ሦስት ከታች። ውስጥ ያለው ጥምጥም ሽቦ ሦስት ነው፤ የእያንዳንዱ ሁለት ጫፍ ወደ ሳጥኑ ስለሚወጣ ስድስት ሆነ። ሦስቱን ጫፎች አንድ ላይ ካሰርሻቸው ስታር ይባላል፤ ዋይ የሚሉትም አሉ። የአንዱን መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር እያያያዝሽ ዞረሽ ከገጠምሽ ደግሞ ዴልታ ሆነ። ወረቀት ላይ ሣዪው፤ ባለ ሦስት ጎኗ የግሪክ ፊደል ራሷ ትወጣልሻለች።

ልዩነቱ ይኼ ነው። በዴልታ ጊዜ ከመስመር የሚመጣው 380 ቮልት እያንዳንዱ ጥምጥም ላይ እንዳለ ያርፋል፤ በስታር ጊዜ ግን 220 ብቻ ይደርሰዋል። ትልቅ የወፍጮ ሞተር በቀጥታ በዴልታ ከተነሣ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ከረንት ይስባል፤ የሰፈሩ አምፖል ይደበዝዛል፣ ጎረቤት ይሳደባል። ስለዚህ በስታር እናስነሣዋለን፤ ከመስመሩ የሚስበው ወደ ሲሶ ይወርዳል። ፍጥነቱን ሲይዝ ታይመሩ ኮንታክተሮቹን፣ ማለት ትልልቆቹን ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ያቀያይርና ወደ ዴልታ ያዞረዋል። ያቺን «ጧ!» የምትል ድምፅ ታስታውሻታለሽ፤ ሁልጊዜ ታስደነግጥሽ ነበር። በስታር ጊዜ ጉልበቱም አብሮ ሲሶ ስለሚሆን ለባለወፍጮዎች «ጧ ሳይል እህል አትልቀቁ» እላለሁ። አይሰሙኝም። ባይሰሙኝ ነው እንግዲህ እናንተን ያሳደግኩት።

እኔም ብሆን አንድ ጊዜ አልሰማሁም። በ1988 ዓ.ም. ገና ለማጅ ሳለሁ አንድ ገበሬ ከሐይቁ ውሃ እየሳበ ሽንኩርት የሚያጠጣበት ፓምፕ ተቃጥሎበት እኛ ጋ ተጠምጥሞ አልቆ ነበር፤ አሠሪዬ ወስደህ አገናኝለት ብሎ ላከኝ። የሞተሩ ታርጋ ላይ ሦስት ማዕዘኗ ተስላ አጠገቧ 220 ተጽፏል፤ ቀጥሎ ዋይ፣ አጠገቧ 380። እኔ ያየሁት ሦስት ማዕዘኗን ብቻ ነው። በጭንቅላቴ የነበረው ትምህርት አንድ ነበር፤ ዴልታ ማለት ሙሉ ጉልበት ነው። በዴልታ አሰርኩና 380 ለቀቅኩበት። ውሃው ከቱቦው ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ገበሬው እጁን ዘርግቶ ይመርቀኝ ጀመር። ምርቃቱ ሳያልቅ የቫርኒሽ ሽታ መጣ፣ ከሽታው ኋላ ጭሱ። ለ220 የተጠመጠመ ሽቦ ነው 380 የተሸከመው። አሠሪዬ ሲደርስ አልጮኸም፤ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና «ዴልታ መሆኑን አይተሃል፤ የስንት ቮልት ዴልታ እንደሆነ ግን አልጠየቅኸውም» አለኝ። የሽቦው ዋጋ ከደሞዜ ለሁለት ወር ተቆረጠ።

ሱቃችን አካባቢ ሦስት ሙሉጌታ እንዳሉ ታውቂያለሽ፤ ሙሉጌታ ጎማ፣ ሙሉጌታ ጀልባና ዲያቆኑ ሙሉጌታ። ሰው መጥቶ «ሙሉጌታን አያችሁት?» ሲል ማንም ስም አልቆ ነው ወይ ብሎ አይገረምም፤ «የትኛውን?» ይባላል፣ አለቀ። ዴልታም ሞክሼው የበዛ ስም ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሞክሼዎቹ ስሙን ያገኙት በአንድ መንገድ አለመሆኑ ነው። አንዱ በመልኩ ወጣለት፣ አንዱ በተራው፣ አንዱ በመነሻ ድምፁ፤ አንዱ ደግሞ ጭራሽ ዘመድም አይመስልም።

የእኔ ዴልታ በመልኩ ነው። የጂኦግራፊ መምህርሽም እንዲሁ፤ ያውም ስሙ ከፊደልነት ወጥቶ ያረፈው እኛው ወንዝ ላይ ነው። ከ2400 ዓመት በፊት ገደማ የጻፈው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ዓባይ ወደ ባሕር የሚገባበትን የግብፅ ምድር ዴልታ እያለ ይጠራዋል። ወንዙ ካይሮን አለፍ ሲል ይከፈልና ከእስክንድርያ እስከ ፖርት ሰይድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል። አሁን ካርታሽን አውጪና እዪው፤ ሹሉ ወደ ደቡብ፣ ሰፊው ወደ ሰሜን ነው፤ የተገለበጠ ዴልታ። ግሪኮቹ ግን የሚመጡት በባሕር ነው፤ ከባሕሩ ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚያይ ሰው ሹሉ ከላይ ይሆንለታል፣ ፊደሉም ይስተካከላል። ከባሕር ዳር ወንዙን ተከትሎ ለሚወርድ ግን የተደፋ ነው። እኛ ስም አውጪዎቹ ብንሆን ኖሮ መልኩን በሌላ ነገር እንመስለው ነበር፤ አያትሽ ብትጠየቅ እንጃ፣ ወንፊት የምትል ይመስለኛል።

ግብፅ ድረስ ምን አስኬደን፤ እዚሁ ደጃችን ዴልታ አለ። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ ጣና የሚገባበትን ቦታ ማለቴ ነው፤ ከዘጌ በስተ ምዕራብ። ከሦስት ዓመት በፊት በመስከረም በዚያ በኩል ፓምፕ ልጠግን በጀልባ ስሄድ ውሃው ከአረንጓዴነት ወደ ቡናማ ተለወጠ። መስመር ያሰመሩበት ይመስል ነበር፤ የጀልባው አፍንጫ ቡናማው ውስጥ፣ ሞተሩ አረንጓዴው ላይ። ባለጀልባው ሞተሩን አጠፋና ረጅም ዘንግ አንሥቶ ወደ ታች ሲሰድ ግማሹ እንኳ ሳይገባ መሬት ነካ። ዘንጉን ሲያወጣው ጫፉ ላይ የተጣበቀው ጭቃ የገንፎ ያህል ወፍራም ነው። «እኔ ልጅ ሳለሁ እዚህ መረብ እጥል ነበር» አለኝና ደንገል የበቀለበትን፣ ከብት የሚግጥበትን ቦታ በአገጩ አሳየኝ። የሚፈስ ውሃ አፈር መሸከም የሚችለው እስከሮጠ ድረስ ነው፤ ሐይቁ ላይ ሲደርስ ይዘገያል፣ ሲዘገይ ሸክሙን ያራግፋል። መሬት እንዲህ ወደ ሐይቁ ውስጥ ይበቅላል። መልኩ የተስተካከለ ሦስት ማዕዘን እንዳይመስልሽ፤ እንደ ምላስ ወደ ውስጥ የዘለቀ ነው። ስሙ መልክን ብሎ ወጣ፣ አሁን መልኩ ባይኖርም ስሙ ሥራውን ተከትሎ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ጓደኞችሽ «የግብፅ ዴልታ የጣና አፈር ነው» ሲሉ ከሰማሽ አርሚያቸው። ግልገል ዓባይ ያመጣው ደለል ጣና ውስጥ ይቀራል፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚለይበት በጨረጨራ የሚወጣው ውሃ አብዛኛውን ሸክሙን አራግፎ ነው። ግብፅን ያበለፀገው አፈር ከጢስ ዓባይ በታች በበሽሎ፣ በጀማ፣ በሙገርና በመሳሰሉት፣ በተከዜም በኩል ከደጋችን የተጠረገው ነው። እሱም ቢሆን በ1970 እ.ኤ.አ. የአስዋን ትልቁ ግድብ ከተጠናቀቀ ወዲህ ከግድቡ ኋላ ስለሚተኛ ዴልታው አዲስ አፈር አጥቶ ዳርቻውን ባሕሩ ይቆርሰዋል። (ደለልና ዴልታ በድምፅ ቢቀራረቡም ዝምድና የላቸውም። እኔ ለብዙ ዓመት አላቸው ብዬ አምን ነበር።)

ስሙ ከዓባይ ተነሥቶ አሜሪካ ድረስ ሄዷል። የሚሲሲፒ ወንዝ አካባቢም ዴልታ ተባለ፤ እዚያ የጥጥ እርሻ ላይ ከአውሮፕላን የተባይ መድኃኒት ይረጭ የነበረ ድርጅት በ1928 እ.ኤ.አ. ሲሸጥ በአካባቢው ስም ዴልታ ተብሎ ተሰየመ፤ ዛሬ ዴልታ አየር መንገድ የምንለው እሱ ነው። ፊደል፣ ወንዝ፣ ሌላ ወንዝ፣ ተባይ፣ አየር መንገድ! በዚያ ላይ አብራሪዎች በሬዲዮ የእንግሊዝኛ ፊደል ሲቆጥሩ «ዲ»ን (D) «ዴልታ» ነው የሚሏት። የእኛ አውሮፕላኖች መለያ በኢቲ ስለሚጀምር «ኤኮ ታንጎ» ይባላል። የዴልታ አየር መንገድ አውሮፕላኖች በሚበዙበት በአትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ ታዲያ ዴልታ ሲባል ፊደሉ ይሁን ድርጅቱ ግራ እንዳያጋባ በቦታው «ዲክሲ» ይሉ ነበር። ሙሉጌታ ጎማ እንደማለት ነው።

በተራው ስም ስላገኘው ልንገርሽ። እኔ የኔታ ዘንድ ዳዊት ስደግም መዝሙር 118 ላይ ስንደርስ በየስምንቱ ቁጥር ራስ «አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ» የሚል አለ። ያኔ የመልአክ ስም ይመስለኝ ነበር። ለካ የዕብራይስጥ ፊደል ነው፤ ዳሌጥ በር ማለት ነው። ግሪኮች ፊደላቸውን ከፊንቄዎች ሲወስዱ ዳሌጥን ዴልታ አሏት። የእኛን አበገደም አስቢው፤ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፤ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ። በሀለሐመ ተራ ደ ወደ አሥራ ዘጠነኛ ትወርዳለች፣ በአበገደ ግን አራተኛ ናት። ግሪኮች በፊደላቸው ይቆጥሩም ስለነበር ዴልታ አራት ቁጥር ሆነች፤ የግዕዝ ቁጥሮቻችን ደግሞ መነሻቸው የግሪክ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ በግድግዳ መቁጠሪያችን ላይ ያለችው ፬ ዴልታ ናት ማለት ነው! ሦስት ማዕዘኗን ፈልጊባት፤ ሆዷ ላይ አለች። ይህን ያወቅሁ ቀን ለእናትሽ ልነግራት ሮጬ ገባሁ፤ እሷ ሽሮ ልታማስል ነበርና «እሺ፣ በሩን ዝጋው» አለችኝ።

በ2013 ዓ.ም. ያስፈራን ዴልታም በተራ ነው ስሙን ያገኘው። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያ ዓመት ግንቦት የኮሮና ዝርያዎችን በግሪክ ፊደል ሰየማቸው፤ ሰው «የህንዱ» «የእንግሊዙ» እያለ ሕዝብ እንዳያሸማቅቅ ነው። አራተኛው ዴልታ ሆነ። ክትባቱን የተወጋነው ደግሞ ትከሻችን ላይ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ጡንቻ ላይ ነው፤ ስሙ ዴልቶይድ። በተራው ዴልታ የሆነውን በመልኩ ዴልታ በሆነው ተከላከልን።

የሳይኮሎጂ መምህርሽ የእንቅልፍ ያለው የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። ይህ የእኔም ሙያ ስለሆነ ደስ አለኝ። የቤታችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ከባድ እንቅልፍ የወሰደው ሰው አንጎል ግን ከ4 ያነሰ ነው፤ እሱን ዴልታ ይሉታል። የፊደሉ ተራ ፍጥነቱን አይነግርሽም፤ አልፋ ከ8 እስከ 13 ነው፣ ቤታ ከዚያ በላይ፣ ዴልታ የሁሉም ዘገምተኛ ነው። ፈተና ላይ በፊደል ተራ እንዳትደረድሪያቸው።

በተራ ከወጡት ሁሉ የወደድኩት ግን ሰማይ ላይ ያለው ነው። በጥቅምት መብራት የጠፋ ማታ ከወንድምሽ ጋር ሐይቁ ዳር ወጥተን በስልኩ እየመራ በሰሜን በኩል አሳየኝ። ባየር የሚባል ጀርመናዊ በ1603 እ.ኤ.አ. የየኅብረ ኮከቡን ኮከቦች በግሪክ ፊደል ተራ ሰጣቸው፤ ብሩሁ አልፋ እያለ፣ ምንም እንኳ ተራው አንዳንዴ ቢዛባበት። ሴፌውስ ከሚባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ዴልታዋ እንደ ትንሽ አምፖል ደብዝዛ መልሳ ትደምቃለች፤ በ5 ቀን ከ9 ሰዓት ገደማ አንድ ዙር ትጨርሳለች። ይህን በ1784 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ጆን ጉድሪክ የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት ነው፤ መስማት የተሳነው፣ ገና የ20 ዓመት ልጅ፤ 22 ዓመት ሳይሞላው አረፈ። ኋላ ሄንሪዬታ ሌቪት የምትባል አሜሪካዊት እንዲህ ያሉት ኮከቦች ዙራቸው በረዘመ ቁጥር ብርሃናቸው የበለጠ መሆኑን አገኘች፤ እንግዲህ ዙሩን ከቆጠርሽ የብርሃኑን ልክ አወቅሽ፣ ልኩን አውቀሽ ምን ያህል ደብዝዞ እንደሚታይሽ ካየሽ ርቀቱን አሰላሽ ማለት ነው። ሐብል የሚባል የከዋክብት ተመራማሪ በዚህ ዘዴ አንድሮሜዳ የምትባለው የኮከቦች ክምችት ከእኛ ጋላክሲ ውጭ መሆኗን አረጋገጠ።

አሁን ተረቱን ልጨምርልሽ። በግሪኮች ተረት ሴፌውስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፤ ኢትዮጵያ የሚሉት ዛሬ እኛ የምንለውን አገር ብቻ ባይሆንም። አንድሮሜዳ ልጁ ናት። በአባትየው ኮከብ የልጅቱ ርቀት ተለካ። ወንድምሽ ይህን ሲነግረኝ አንቺ ያለሽበት ከዚህ በመኪና ቀኑን ሙሉ እንደሆነ አሰብኩና ዝም አልኩ። እሱ ደግሞ ባትሪው አልቋል ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ወደ ፊዚክስሽ እንመለስ። እሱ ዴልታ በመነሻ ድምፁ ነው። በግሪክኛ ልዩነት «ዲያፎራ» ይባላል፤ በዴልታ ይጀምራል። ትልቋ ዴልታ ከቲ ፊት ስትቆም በመጀመሪያና በመጨረሻ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ናት። ታናሿ (δ)፣ ጭራዋን ያጠፈችው፣ ሌላ ሥራ አላት፤ የኬሚስትሪ መምህርሽ ውሃን ሲሥል ኦክስጅኑ ላይ ከመቀነስ ጋር፣ ሃይድሮጅኖቹ ላይ ከመደመር ጋር የሚያደርጋት እሷ ናት። ከፊል ቻርጅ ማለት ነው። ታላቅና ታናሽ ናቸው፣ ቤታቸው ግን ይለያያልና አትቀላቅያቸው።

ያቺ በኬሚስትሪ ቀመር ውስጥ ከቀስቱ በላይ ቆማ «አሙቅ» የምትልሽ ደግሞ ዘመድ አይደለችም ያልኩሽ እሷ ናት። የድሮ አልኬሚስቶች እሳትን በሦስት ማዕዘን ይሥሉት ነበር፤ ከዚያ የወረደች ናት ይባላል። አንቺ «ለውጥ» ብለሽ አንብበሻት ግማሽ ማርክ ማጣትሽ አያስገርምም። የእኔ ሞተር ሁለት ወር ነው የወሰደው።

አንድ ያልገባኝ አለ። ዲራክ የሚባል ፊዚክሰኛ በስሙ የተጠራ ዴልታ አለው፤ በሁሉም ቦታ ዜሮ፣ አንድ ነጥብ ላይ ግን ወሰን የሌለው፣ ተደምሮ አንድ የሚሆን። ሰውዬው መጀመሪያ የተማረው ኤሌክትሪክ ምህንድስና መሆኑን ሳነብ ልቤ ወደደው፤ ነገሩ ግን አልገባኝም። ስትደርሺበት አስረጂኝ፤ ለፋሲካ ስትመጪ በወረቀት ሥለሽ ይሁን።

በቀረው አስቢ፣ ብርድ ልብሱን ተጠቀሚበት፣ ገንዘብ ሲያንስሽ ከጓደኛ ሳትበደሪ ለእኔ ንገሪኝ። አያትሽ «በርቺ በሏት» ብላለች።

አሁን ልነሣ ነው። ለዘጌ ወፍጮ የተጠመጠመውን ሞተር ወንድምሽ ሙሉጌታ ጀልባ ዘንድ ጭኖ እየጠበቀኝ ነው። ታርጋው ዴልታ 380፣ ዋይ 660 ይላል፤ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

አባትሽ